መሬቱ ሳይቈፈር መልኩ ይመዝገብ

በየክፍሉ ላላችሁ አስተዳዳሪዎች፥ የዞንና የወረዳ ሹማምንት፥ ባለ ይዞታዎችም ሁሉ።

ድንጋይም ይሁን ገረጋንቲ፥ ከሰልም ይሁን ወርቅ፥ መሬትን ከላይ ገልጦ ለማውጣት ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ወደ ጽሕፈት ቤታችሁ ሲመጣ፥ ዛሬ እንደ ጥንቱ አንዲት የማመልከቻ ወረቀት ብቻ ይዞ አይመጣም። በቀለም ያጌጠ፥ ካርታና ሠንጠረዥ የበዛበት፥ ጀርባው የተጠረዘ ወፍራም መጽሐፍ ይዞ ይመጣል። መጽሐፉም የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ይባላል። ካርታውን የሠራው ኮምፒዩተር መሆኑ ሲነገረው፥ ተቀባዩ ሹም አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ መኪና አይሳሳትም ብሎ ሳያነብ ይፈርማል፥ ወይ ይህ የፈረንጅ ጨዋታ ነው ብሎ ሳያነብ ወደ መዝገብ ቤት ይሰደዋል። ለገበሬው ሁለቱም ያው ነው፤ መጽሐፉ አልተነበበምና።

በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው ሦስተኛ መንገድ መኖሩን ነው። ይኸውም ኮምፒዩተርን እንደ ዳኛ ሳይሆን እንደ ምስክር ቈጥሮ፥ ቃሉን አድምጦ፥ ከሌሎች ምስክሮች ቃል ጋራ አስተያይቶ መፍረድ ነው። ምስክር ሊሳሳት ይችላል፤ አንዳንድ ጊዜም የሚመሰክረው የጠራው ሰው የነገረውን ብቻ ነው። ቢሆንም ምስክር አልሰማም ብሎ የሚፈርድ ዳኛ የለም። (የውጭ አገሩን ነገር ዘመን በአውሮጳ አቈጣጠር፥ የአገራችንን ግን በአገራችን አቈጣጠር እጽፋለሁ።)

የእርሻ መጽሔት ስለ ማዕድን ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ማዕድን በዋሻ ሲወጣ በላይ በኩል የሚፈርሰው የዋሻው አፍና አካባቢው ነው፤ በላይ ቁፋሮ ሲወጣ ግን ከማዕድኑ በላይ ያለው ሁሉ፥ ዛፉም፥ ሣሩም፥ አፈሩም፥ ከአፈሩ በታች ያለው አለትም ይነሣል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ገበሬውን የሚመግበው ከላይ ያለው ለም አፈር ነው፤ እርሱም በብዙ ተዳፋት አገር ላይ ከስንዝር ብዙ አይበልጥም። ይህን ስንዝር አፈር ለመሥራት ተፈጥሮ ብዙ መቶ ዓመት ፈጅቶባታል፤ አንድ ዶዘር ግን ከቁርስ እስከ ምሳ ድረስ ጠርጎ ገደል ይከተዋል። ከታች ካለው አለት ጋራ ከተደባለቀም በኋላ መልሶ የሚለየው ጥበበኛ የለም።

እንዲህ ስል ቁፋሮ ይቅር ማለቴ አይደለም። ያለ ገረጋንቲ መንገድ፥ ያለ ኖራ ድንጋይ ሲሚንቶ፥ ያለ አሸዋ ትምህርት ቤት አይሠራም፤ ይህን የማያውቅ ሹም የለም። የምለው ሒሳቡ በሁለት ወገን ይጻፍ ነው። የሚወጣው ማዕድን በቶን ይመዘናል፥ በብር ይተመናል፥ በደረሰኝ ገቢ ይሆናል፤ የሚጠፋው መሬት ግን መዛኝ አጥቶ በቃል ብቻ ይቀራል። በቃል የቀረ ነገር ደግሞ ሹሙ ሲዛወር አብሮት ይዛወራል።

አሁን የሩቅ አገር ምሳሌ ላምጣ፤ ይህን ነገር በዝርዝር የመረመሩት በዚያ ነውና፥ መዘግየታቸውም ለእኛ ትምህርት ይሆናል። በአሜሪካ በስተ ምሥራቅ በኩል አፓላችያ የሚባል ረዥም የተራራ ሰንሰለት አለ። በመካከለኛው ክፍሉ፥ ይኸውም በኬንታኪ፥ በዌስት ቨርጂኒያ፥ በቨርጂኒያና በቴነሲ፥ የድንጋይ ከሰል በተራራው ውስጥ እንደ እንጀራ ተነባብሮ ተኝቷል። ሰዎቹ በመጀመሪያ በዋሻ እየገቡ ሲያወጡት ኖሩ፤ ኋላ መኪናው ሲበረታ የተራራውን ጫፍ በድማሚት እያፈረሱ ከላይ ወደ ታች ማውጣት ጀመሩ። የተሰበረውን አለት ወደ ሸለቆው ደፉት፤ በሸለቆው ይፈስ የነበረው ምንጭም ከሥሩ ተቀበረ።

በ1972 ዓ.ም. በፌብሩዋሪ 26 ቀን በዌስት ቨርጂኒያ ቡፋሎ ክሪክ በሚባለው ሸለቆ የከሰል እጣቢ ያቈረ ግድብ ተሰብሮ 125 ሰው በጎርፍ አለቀ። ይህና ይህን የመሰለው ሁሉ ተጠራቅሞ በ1977 ዓ.ም. በኦገስት ወር ፕሬዚዳንት ካርተር ስለ ላይ ቁፋሮ የወጣውን ሕግ ፈረሙ። ሕጉ የላይ አፈሩ ተለይቶ እንዲጠበቅ፥ መሬቱ ወደ ቀድሞው ቅርጹ እንዲቀርብ ሆኖ እንዲመለስ፥ ቈፋሪውም ከመቈፈሩ አስቀድሞ የዋስትና ገንዘብ እንዲያስይዝ አዘዘ። ለተራራ ጫፍ ቁፋሮ ግን የተለየ በር ተወለት፤ በዚያችም በር ብዙ ሰው ገባባት።

ዳሩ ግን ሕጉ ከወጣ ከብዙ ዓመት በኋላ እንኳ፥ ከዚያ ሁሉ ተራራ በየዓመቱ ምን ያህሉ እንደ ተገለጠ ቈጥሮ የሚናገር አልተገኘም። በየጽሕፈት ቤቱ ያለው የፈቃድ ካርታ ነው፤ የፈቃድ ካርታ ደግሞ የተፈቀደውን እንጂ የተቈፈረውን አያሳይም። በየአሥር ዓመቱ የተለካ መዝገብ ነበረ፤ እርሱም ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ ሳይታደስ ቀረ። ሰው በመንደሩ ታመምን፥ ውሃችን ተበላሸ ብሎ ሲጮህ፥ ቁፋሮው ወደ መንደሩ የቀረበበትን ዓመት የሚያመለክት ማስረጃ ስላልነበረ፥ ጩኸቱንና ቁፋሮውን ማገናኘት አስቸጋሪ ሆነ።

በ2018 ዓ.ም. የታተመ አንድ ምርመራ ይህን ጕድለት ሞላ። መርማሪዎቹ ያደረጉት አዲስ ፎቶግራፍ ማንሣት አልነበረም። ላንድሳት የሚባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ ምድርን እየዞሩ ሥዕሏን ሲያነሡ ኖረዋል፤ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህም መንግሥቱ መዝገቡን ለዓለም ሁሉ በነጻ ከፈተው። መርማሪዎቹ ከ1985 እስከ 2015 ዓ.ም. ያለውን የ31 ዓመት ሥዕል ሰብስበው፥ በኮምፒዩተር ዓመት ባመት አስተያዩት። የተገኘውም ይህ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ 2,900 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት በአዲስ ተቈፍሯል፤ ከ1985 በፊት የተቈፈረው ሲደመርበት 5,900 ካሬ ኪሎ ሜትር ሆነ። አንድን ጋሻ 40 ሄክታር ብለን ብናስበው፥ ወደ 14,750 ጋሻ መሬት ማለት ነው። አንድ ቶን ከሰል ለማውጣትም 12 ካሬ ሜትር የሚሆን መሬት በቁፋሮ ላይ እንደሚውል አሰሉ። በዚህ ሒሳብ ሃያ ቶን ከሰል የጫነ አንድ ከባድ መኪና ባለፈ ቍጥር፥ 240 ካሬ ሜትር መሬት አብሮት እንዳለፈ ማሰብ ይቻላል። እኔ ከቍጥሮቹ ሁሉ ይህችኛዋን አብልጬ እወዳታለሁ፤ ማናቸውም የወረዳ ሹም በኬላ ቆሞ ሊቈጥራት ይችላልና።

ኮምፒዩተሩ ይህን እንዴት እንዳወቀ መናገር ይገባል፤ ያልገባው ነገር ሰውን ወይ ያስፈራዋል ወይ ያስመልከዋል። ሕያው ቅጠል ከፀሐይ ብርሃን ቀዩን አብዛኛውን ይውጣል፤ ታሕተ ቀይ የሚባለውን፥ ዓይናችን የማያየውን ብርሃን ግን አብዝቶ ይመልሳል። ሳተላይቱ ሁለቱንም ይለካል። ኮምፒዩተሩ ከታሕተ ቀዩ ቀዩን ቀንሶ፥ የቀረውን ለሁለቱ ድምር ያካፍለዋል፤ ውጤቱ ወደ 1 ሲቀርብ ልምላሜ፥ ወደ ዜሮ ሲቀርብ ራቍት መሬት ነው። መቀነስና ማካፈል የተማሪ ቤት ልጅ የሚችለው ነገር ነው። የመኪናው ኀይል ሥራውን በብዙ ሚሊዮን ቅንጣት መሬት ላይ፥ ለ31 ዓመት፥ ሳይሰለችና ሳያንቀላፋ መድገሙ ነው። እኛ ጸሐፊዎች ከሦስተኛው ገጽ በኋላ ቍጥር መዝለል እንደምንጀምር ራሳችን እናውቃለን።

ይህ ግን ገና ስፋቱን መለካት ነው። መሬት ስፋት ብቻ ሳይሆን ከፍታና ጥልቀትም አላት። በ2016 ዓ.ም. የታተመ ሌላ ምርመራ በደቡብ ዌስት ቨርጂኒያ 11,500 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን አገር ወስዶ፥ ከቁፋሮ በፊት የነበረውን የከፍታ ካርታ ከኋለኛው ጋራ በኮምፒዩተር አቀናነሰ። ከ6.4 ኪሎ ሜትር ኩብ የበለጠ አለት ተሰብሮ በ1,544 ሸለቆዎች ውስጥ ተደፍቶ ተገኘ። ይህን ያህል ድንጋይ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ እናመላልስ ብንል፥ 400 ሚሊዮን ጊዜ መመላለስ ያስፈልጋል። የተቈፈረው አገር ተዳፋትነቱ በመካከለኛ ሒሳብ ወደ 10 ዲግሪ ያህል ቀነሰ፤ ሸለቆው ስለ ተሞላም አማካይ ከፍታው 3 ሜትር ጨመረ። ተራራ ፈርሶ አገሩ ከፍ ይላል ብሎ ማን ይገምት ነበር? በሸለቆው የተደፋው ድንጋይ በበዛ መጠን ከሥሩ በሚወጣው ውሃ ውስጥ ሴሌኒየም የሚባለው ንጥረ ነገር መጠንም አብሮ እንደሚለዋወጥ ያው ምርመራ አስረዳ። ሴሌኒየም ሲበዛ የዓሣን ግልገል አካል ያጣምማል።

ስለ ውሃ ከተነሣ፥ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2011 ዓ.ም. ለዚያ አገር ወንዞች አንድ ልክ አወጣ። ውሃ በውስጡ የሟሟው ጨው ሲበዛ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ኀይሉ ይጨምራል፤ ይህም በሴንቲ ሜትር 300 ማይክሮሲመንስ ሲያልፍ በወንዙ የሚኖሩት ትንንሽ ነፍሳት መጥፋት ይጀምራሉ ተባለ። ይህን የሚለካው መሣሪያ በኪስ የሚያዝ ነው። ሳተላይት ግን ይህን አያይም። ስለዚህ ካርታው ምንም ቢያምር፥ ወደ ወንዙ ወርዶ መሣሪያውን ውሃ ውስጥ የሚነክር ሰው ካልተላከ ምርመራው ግማሽ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ይህ ጥበብ እንዳለ ተገልብጦ አይሠራም። በአፓላችያ ተራራው ደን ለብሶ የሚኖር ስለ ሆነ፥ በበጋቸው ራቍቱን የታየ መሬት ቁፋሮ፥ መንገድ ወይም ከተማ ነው፤ መንገዱንና ከተማውን ለይቶ ማውጣት ይቻላል። በእኛ ደጋ ግን በጥር ወር ጤፉ ታጭዶ፥ ገለባው ተሰብስቦ፥ ከብት የቀረውን ግጦ ሲጨርስ፥ አገሩ ሁሉ ከላይ ሲታይ የድንጋይ ካባ ይመስላል። በሐምሌ ደግሞ ደመናው አያሳይም። ስለዚህ በአንድ የጥር ሥዕል የተሠራ ካርታ ቢቀርብላችሁ፥ የገበሬውን ማሳ ጠፍ መሬት ብሎ ጽፎት ይሆናልና ተጠንቀቁ። ጠፍ ተብሎ የተጻፈ መሬት ካሣው ጥቂት ነው፤ ነገሩ እዚህ ላይ ከሳይንስ ወደ ዳኝነት ይሻገራል። መድኀኒቱ የዓመቱን ሥዕሎች ሁሉ ሰብስቦ ለያንዳንዱ ቅንጣት ከሁሉ የለመለመበትን ቀን መውሰድ ነው፤ የአፓላችያዎቹም ያደረጉት ይህንኑ ነው። በመስከረምና በጥቅምት የለመለመ መሬት በጥር ቢራቈትም እርሻ መሆኑ ይታወቃል፤ ዓመቱን ሙሉ የተራቈተ ግን ይጠየቃል።

ሁለተኛው ችግር የመጠን ነው። የላንድሳት አንዷ ቅንጣት 30 ሜትር በ30 ሜትር ናት። በየወረዳችን ያለው የድንጋይ ካባ ብዙው ግማሽ ሄክታር ቢሆን ነው፤ ይህ በላንድሳት ሥዕል ከአምስት ወይም ከስድስት ቅንጣት አይበልጥም፥ ዳር ዳሩም ከሣሩ ጋራ ይቀላቀላል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የተላኩት ሴንቲኔል 2 የሚባሉት የአውሮጳ ሳተላይቶች ግን 10 ሜትር በ10 ሜትር ያያሉ፤ ያው ካባ 50 ቅንጣት ይሆናል፤ ሥዕሉም በነጻ ይገኛል። አገራችንም በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን ሳተላይት ከቻይና ወደ ሰማይ አስልካለች። ለከፍታው ደግሞ በ2000 ዓ.ም. በፌብሩዋሪ ወር ኤንዴቨር የተባለችው የአሜሪካ መንኰራኵር አብዛኛውን ዓለም ኢትዮጵያንም ጨምራ በራዳር ለክታለች። የዚህ ልኬት ስሕተት ብዙ ሜትር ሊደርስ ስለሚችል ለትንሽ ካባ አይበቃም፤ ጋራ ለሚያፈርስ ትልቅ ቁፋሮ ግን የቀድሞውን መልክ ለመመስከር ይበቃል። ስለዚህ ቀድሞ ምን እንደ ነበረ አናውቅም የሚለው ምክንያት ከእንግዲህ አያስኬድም።

ስለ አፈር መታጠብም አንድ ቃል ልናገር። አሜሪካኖች ያወጡት፥ ሁርኒ የተባለ የስዊስ ሊቅ በ1985 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ያስማማው ቀመር አለ። ዝናቡን፥ የአፈሩን ዓይነት፥ የተዳፋቱን ርዝመትና ቁልቁለት፥ ሽፋኑንና የእርከኑን ሥራ አባዝቶ፥ በዓመት በሄክታር ስንት ቶን አፈር እንደሚታጠብ ይገምታል። በዚህ ቀመር ጥቅጥቅ ያለ ደን ሽፋኑ 0.001፥ ጤፍ 0.25 ተብሎ ይገባል፤ ማለት ሌላው ሁሉ እኩል ሲሆን ከጤፍ ማሳ የሚታጠበው አፈር ከደኑ 250 እጥፍ ነው። ኮምፒዩተር ይህን በቅንጣት በቅንጣት ሲያባዛው ደስ የሚል ካርታ ይወጣል። ነገር ግን ቀመሩ የተሠራው ለእርሻ ማሳ ነው፤ በዶዘር ተገፍቶ ለተከመረ ልቅ ድንጋይና አፈር አልተሠራም። በዚህ ቀመር ብቻ ተሰልቶ ከክምሩ የሚታጠበው ጥቂት ነው የሚል ወረቀት ቢቀርብላችሁ፥ ክምሩ ከማን ማሳ በላይ እንደ ተቀመጠ ጠይቁ።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለሁ የተማርሁት ባሕረ ሐሳብ ስለ ኮምፒዩተር ያስተማረኝ ከማንኛውም ሥልጠና ይበልጣል። ተማሪው የዓመቱን ወንበር ከሳተ፥ ከዚያ በኋላ ማባዛቱና መግደፉ ልክ ቢሆንም፥ ጾሙም በዓሉም ሁሉ ከቦታው ይወጣል። የኔታ ግን ማረጋገጫ ነበራቸው፤ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 መሆን አለባቸው። ካልሆኑ ሰሌዳው ይጠረግና እንደገና ይጀመራል። ኮምፒዩተርም እንዲሁ የሰጡትን ይዞ በትክክል ይሳሳታል። ስለዚህ የግምገማ መጽሐፍ ሲቀርብ የምፈልገው የካርታውን ቀለም ሳይሆን የማረጋገጫውን ገጽ ነው። ካርታው እርሻ ያለው ቦታ ላይ ስንት ጊዜ ሄደው አዩ? ከሄዱበትስ ስንቱ ተስማማ፥ ስንቱ አልተስማማም? ይህ ገጽ የሌለበት መጽሐፍ ሠላሳ ያልሞላ ሒሳብ ነው።

ከጥቂት ዓመት በፊት ለሥራ በሄድሁበት በአንድ ወረዳ ይህን በዓይኔ አየሁ። ለአንድ የድንጋይ ካባ የቀረበው መጽሐፍ በጣም ያማረ ነበር። ሳነበው በሃያ ሰባተኛው ገጽ ላይ በዚያ ወረዳ የሌለ ወንዝ ስም አገኘሁ፤ ጽሑፉ ከሌላ አገር ግምገማ ተገልብጦ፥ ስሙን መለወጥ ተረስቶ ኖሯል። በካርታው ላይ ደግሞ በካባው ዙሪያ ምንም ምንጭ አልነበረም። አብረውን የሄዱ አንድ ሽማግሌ ግን ‹‹ልጄ፥ እኔ የተጠመቅሁበትን ጠበል፥ ከብቶቼም የሚጠጡበትን ውሃ ይህ ወረቀት የት አደረሰው?›› ሲሉ ጠየቁ። የካርታው ሠሪ ወጣት ልጅ በትሕትና ‹‹አባባ፥ በተሰጠኝ መረጃ ውስጥ አልነበረም›› አላቸው። እውነቱን ነው፤ አልዋሸም። ምንጩ በቍልቋል ጥላ ሥር የሚፈልቅ ስለ ሆነ ከሰማይ አይታይም፤ ከምድርም የጠየቀ አልነበረም። ፈቃዱ ግን አስቀድሞ ተፈርሞ ስለ ነበር፥ እኔም ማስታወሻ ጽፌ ከመመለስ በቀር ያደረግሁት የለም። ዛሬ ሳስበው ያን ማስታወሻ ለማን እንደ ሰጠሁት እንኳ ደረሰኝ አልተቀበልሁም፤ ሌላውን ስወቅስ ይህን መደበቅ አይገባኝም።

ሕግ የለም እንዳይባል፥ ሕግ አለ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ዐዋጅ ቍጥር 299 ግምገማ የሚያስፈልገው ሥራ ፈቃድ ሳያገኝ እንዳይጀመር፥ የግምገማው ወጪ በሥራው ባለቤት እንዲሆን፥ ሕዝቡም መጽሐፉን አይቶ አሳቡን እንዲሰጥ ደነገገ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን ዐዋጅ ቍጥር 678 ደግሞ ትልቅ የማዕድን ፈቃድ የያዘ ሰው ያፈረሰውን አካባቢ ለሚመልስበት ሥራ ገንዘብ እንዲመድብ አዘዘ፤ የአሸዋና የድንጋይ ፈቃድንም አብዛኛውን በክልሎች እጅ አደረገው። ስለዚህ ነገሩ ባዲስ አበባ ያለ ሌላ ሰው ሥራ ነው ለማለት አይቻልም፤ በናንተው ጠረጴዛ ላይ ነው።

የወርቁ አገር የጉጂ ነገር ሁላችንም የምናስታውሰው ነው። በለገ ደምቢ ከጕድጓዱ አጠገብ የሚኖረው ሕዝብ በጤናችንና በከብታችን ላይ ጕዳት ደረሰ ብሎ ተነሣ፤ በ2010 ዓ.ም. በግንቦት ወር መንግሥት ፈቃዱን አገደ፤ ሥራው እንደገና የቀጠለው ከዓመታት በኋላ ነው። ስለ ጕዳቱ መፍረድ የእኔ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት የነበረው የውሃው፥ የአፈሩና የሕዝቡ ጤና መዝገብ በሁለቱም ወገን ታምኖበት በሕዝቡም እጅ ቢቀመጥ ኖሮ፥ እንዲህ ያለው ክርክር አደባባይ ከመውጣቱ በፊት በሸንጎ ሊያልቅ ይችላል ብዬ አምናለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ መዝገብም እንዲሁ ጠብ ከተነሣ በኋላ ሲሠራ የሚያምነው የለም።

ስለ መሬቱ መመለስ የአሜሪካኖቹን አንድ ስሕተት ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። በሕጋቸው የተቈፈረው መሬት እንደገና አረንጓዴ ለብሶ መጽናቱ ሳይታይ የዋስትናው ገንዘብ ሙሉ በሙሉ አይለቀቅም፤ ዝናቡ በዓመት 660 ሚሊ ሜትር ከሚያልፍበት 5 ዓመት፥ ከዚያ በማይበልጥበት 10 ዓመት ባለ ፈቃዱ ኀላፊ ነው። ይህ መልካም ነው፤ ኮምፒዩተሩም ልምላሜውን ዓመት ባመት ሊከታተልለት ይችላል። ዳሩ ግን ብዙዎቹ ኩባንያዎች አፈሩ እንዳይናድ በከባድ መኪና ደምድመው ሣር ዘሩበት፤ ካርታው አረንጓዴ ሆነ፥ ዋስትናውም ተለቀቀ፥ ዛፍ ግን አልበቀለበትም፤ ሥሩ የሚገባበት ልቅ አፈር አላገኘምና። በ2004 ዓ.ም. ስለ ደን መመለስ የተቋቋመው ማኅበራቸው ቢያንስ 1.2 ሜትር ጥልቀት ያለው፥ ያልተደመደመ አፈር ይቀመጥ ብሎ እስኪያስተምር ድረስ ብዙ አገር በዚህ ዓይነት ቀረ። በእኛም አገር መሬቱ ተመለሰ የሚል የአረንጓዴ ካርታ ሲቀርብ፥ ሹሙ አንድ ገበሬ ከነሞፈሩ ይዞ ይሂድ። ማረሻው ስንዝር የማይገባበት ከሆነ ገንዘቡ ይቈይ።

እንግዲህ የምለምነው ብዙ አይደለም። ማናቸውም የላይ ቁፋሮ ፈቃድ ከመፈረሙ በፊት የቦታው የአምስት ዓመት ሥዕል ተጠይቆ ይቅረብ፤ በየክልሉ ያሉት ዩኒቨርሲቲዎች ይህን የሚሠሩ ልጆች አሏቸው፥ ከአንድ ኮምፒዩተርና ከኢንተርኔት በቀር ብዙ ዕቃ አይጠይቅም። ሥዕሉ ከቀረበ በኋላ ሹሙ ከቀበሌው ሽማግሌዎችና ውሃ ከሚቀዱት ሴቶች ጋራ ቦታውን በእግር ይዙረው፤ ምንጩን፥ ጠበሉን፥ የከብት መንገዱን፥ መቃብሩን እነርሱ ሲያመለክቱ በካርታው ላይ ይጻፍ። ሴቶቹን በተለይ የጠቀስሁበት ምክንያት አለኝ፤ የትኛው ምንጭ በሚያዝያ እንደሚደርቅና የትኛው እንደማይደርቅ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ውሃውም በበጋና በክረምት ተለክቶ ቍጥሩ ከካርታው ግርጌ ይስፈር። ከዚያ ወዲያ ቁፋሮው ሲጀመር፥ በየዓመቱ በጥቅምት ሰማዩ ሲጠራ አዲሱ ሥዕል ከቀድሞው ጋራ ይተያይ፤ ከፈቃዱ ወሰን ያለፈ ቅንጣት ቢገኝ ባለ ፈቃዱ ተጠርቶ ይጠየቅ።

የተፈረመው ካርታ በሦስት ቅጂ ይታተም። አንዱ በወረዳው መዝገብ ቤት፥ ሁለተኛው በቀበሌው፥ ሦስተኛው ሕዝቡ በመረጠው ሽማግሌ እጅ ይቀመጥ፤ ሹሙ ሲዛወርም ርክክቡ ላይ በቍጥር ይጻፍ። የወረቀቱንና የቀለሙን ዋጋ ፈቃድ ጠያቂው ይከፍላል።